እንጨት የጫነ ታንኳ

ትናንት ማታ ዝም ብሎ ደበረኝ። እናቴ ጋ ደውዬ ላውራ ብዬ ወደ ጣና ሐይቅ ወረድኩ። ስልኩን እንደያዝኩ አንድ ታንኳ እንጨት ጭኖ ሲጠጋ አየሁ።

«ደህና አመሹ አባባ፣ ከዘጌ ነው?» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ። ቡናው ዘንድሮ እምቢ አለን።»

ሌላ አልተናገሩም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የመጣሁበትን ረሳሁት።

ዘጌ እኮ ወደ ጣና ገባ ያለ ደናማ ልሳነ ምድር ነው፤ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር የሆነበት አገር። ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ የገዳማቱ ሥርዓት ግን ከዚያ በፊት ለዘመናት ጫካውን ጠብቆ፣ ሰዉም ከዛፉ ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ እየተከለ ኖሯል። ጫካውን ያቆየው ቡናው ነው ማለት ነው። ቡናው እምቢ ሲል ዛፉ ይቆረጣል።

ታንኳው ራሱ ደግሞ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል የተሠራ ነው። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ቶሎ ቶሎ ሌላ መሥራት ግድ ነው። ደንገል ከሌለ ደግሞ ዓሣው የሚራባበት ቦታ ያጣል፣ ጎርፍ የሚያመጣው ደለልም ቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ታዲያ ሐይቁ ዳር የሚኖረውን፣ ታንኳ ሠርቶ የሚያድረውን የወይጦ ሰው «ደንገል አትቁረጥ» ልበለው? አልለውም። ደንገሉን የጨረሰው እሱ አይደለም። ሐይቁ በሸሸ ቁጥር እግር በእግር እየተከተለ የሚገባው እርሻ ነው፣ ዳር ዳሩን የያዘው ጫትና ግንባታ ነው። ለእኔ መጀመሪያ መቆም ያለበት ይሄ እርሻና ግንባታ ነው፤ ውሃው ዳር ለደንገሉ የሚተው ቦታ ያስፈልጋል፣ ማንም የማይነካው።

ይህን ስል ግን በሸሸው መሬት ላይ ሽምብራ የሚዘራው ገበሬ ፊቴ ድቅን ይላል። ሌላ መሬት የለውም። ዓሣ አጥማጁም እንደዚያው ነው። በክረምት ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋው ሰው ዘሩን እያጠፋ እንደሆነ ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። ልጆቹ ግን ክረምቱን ጠብቁ ቢባሉ አይጠብቁም።

አባባ እንጨቱን አውርደው ጨረሱ። «ትወስጂያለሽ?» አሉኝ። መብራት ሲጠፋ የኛም ቤት ምጣድ በእንጨት ነው የሚሰማው። አንድ ሸክም ገዛሁ።

ባልገዛቸው ዛፉ ይተርፍ ነበር? ወይስ እሳቸው ብቻ ጦማቸውን ያድሩ ነበር?