እባብና ያልጠፋው የእግር ጂን

ዛሬ እዚህ ደሴ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ እባብ እግር የሚሠራ ጂን የለውም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝና የዕለቱ ትምህርት በዚያው ቀረ። ጂኑስ አለው። ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባለው ይህ ጂን ለአንጎልና ለሌሎች አካላት ዕድገትም የግድ ስለሚያስፈልግ፣ እግርን ለማስቀረት ሲባል ሊጠፋ የሚችል አይደለም። በእባቦች የተለወጠው፣ ይህን ጂን በፅንስ ላይ እግር በሚበቅልበት ቦታ (በእግር ቡቃያ) የሚያነቃው ዜድአርኤስ የተባለ የዲኤንኤ ክፍል ነው፤ በሰው ላይ ይህ ክፍል ከጂኑ ወደ 1 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደላት ያህል ርቆ መገኘቱ እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች የአይጥን ዜድአርኤስ አውጥተው በዘንዶ ዜድአርኤስ ሲተኩት የአይጦቹ እግር እጅግ አጥሮ የቀረ ሲሆን፣ ከዘንዶው ቅጂ የጎደሉትን 17 ፊደላት መልሰው ሲያስገቡ ግን እግሩ እንደ ወትሮው አደገ። ለነገሩ ዘንዶዎች ዛሬም ከጭራቸው መነሻ አጠገብ የኋላ እግር ቅሪት አላቸው፤ ይህን ስነግራቸው ያመነኝ ተማሪ ጥቂት ነው። አንዳንድ እባቦች ከ300 በላይ የአከርካሪ አጥንቶች እንዴት እንዳወጡ ደግሞ በሌላ የጂን ቁጥጥር የሚመራ ሰፊ ጉዳይ በመሆኑ፣ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አሳድረነዋል።