«አፕ» የማን ናት? ፍሬዛል ቨርብ ከመስተዋድድ ጋር ሲገናኝ

በእንግሊዝኛ «ሺ ራን አፕ ኤ ሂል» ማለት ኮረብታውን ሮጣ ወጣች ነው። «ሺ ራን አፕ ኤ ቢል» ደግሞ ዕዳ አከማቸች። የሚለያያቸው አንድ ቃል ቢሆንም አሠራራቸው ለየቅል ነው። በመጀመሪያው «አፕ» የኮረብታው ናት፤ መስተዋድድ ሆና ስሙን ትይዛለች። በሁለተኛው የግሡ ናት፤ «ራን አፕ» ተጣምሮ ሌላ ትርጉም ይሰጣል። ፍሬዛል ቨርብ የሚባለው ይሄኛው ነው።

ግራ ሲገባችሁ ስሙን አንሱና «ኢት»ን ተኩ። ለኮረብታው «ራን አፕ ኢት»፣ ለዕዳው «ራን ኢት አፕ» ይሆናል። በፍሬዛል ቨርብ ተውላጠ ስም መሃል ይገባል፤ «ተርን ኢት ኦፍ» (አጥፋው) እንጂ «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። ሙሉ ስም ሲሆን «ተርን ኦፍ ዘ ላይት»ም «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ያስኬዳል። ተሳቢው ከረዘመ ግን ወደ መጨረሻ መግፋቱ ይሻላል፤ አለዚያ ሰሚው «ኦፍ»ን ሲጠብቅ ሐሳቡ ይጠፋበታል። ጆሮም ያግዛል፦ በ«ተርን ኢት ኦፍ» ድምፁ የሚጎላው «ኦፍ» ላይ ነው፤ በ«ሉክ አት ኢት» ግን «አት» ተውጣ ታልፋለች።

ትልቁ ጣጣ ፍሬዛል ቨርብና መስተዋድድ ሲደራረቡ ነው። «ዊ ራን አውት ኦፍ ሚልክ»፣ ወተት አለቀብን። መገጣጠሚያው ያለው ከ«አውት» በኋላ ነው፤ «ኦፍ» ከወተቱ ጋር ትሄዳለች። ስለዚህ ስሙ ሲቀር እሷም ትቀራለች፦ «ዊ ራን አውት»። ስሙ ካለ ግን መቅረት የለባትም፤ «ራን አውት ሚልክ» ስህተት ነው። «ጌት አሎንግ ዊዝ»ም (መስማማት) እንዲሁ ነው። «ፑት አፕ ዊዝ» (መታገሥ) ግን እንዲህ አይቆረስም፤ ያለ «ዊዝ» ትርጉሙ ስለሚጠፋ ሦስቱንም አንድ ላይ መያዝ ነው። እዚህ «ኢት» መጨረሻ ላይ ትውላለች፦ «ፑት አፕ ዊዝ ኢት»።

በጥያቄ ጊዜ ስሙ ወደ ፊት ይሄድና መስተዋድዱ ኋላ ይቀራል፦ «ዋት ዲድ ዩ ረን አውት ኦፍ?» በእኛ ቋንቋ «ከምን»፣ «በምን» ስንል መስተዋድዱ ጥያቄው ላይ ተለጥፎ አብሮ ስለሚመጣ፣ ያቺን የመጨረሻዋን «ኦፍ» መርሳት የተለመደ ነው።

«ሉክ ፎርዋርድ ቱ» (በጉጉት መጠበቅ) ላይ ያለችው «ቱ»ም መስተዋድድ ናት። «ዘ ሆሊዴይ» የሚል ስም ሊከተላት መቻሉ ምስክር ነው። ግሥ ከመጣም «ኢንግ» ይጨመርበታል፦ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲዪንግ ዩ»። በስህተት «ቱ ሲ ዩ» ብሎ ደብዳቤ የሚዘጋ ሰው ብዙ ነው።

ቦታና ሰዓት ሲጨመር ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ «ሺ ድሮፕድ ሚ ኦፍ አት ዘ ስቴሽን አት ሲክስ»። ግሥ፣ ሰው፣ የግሡ ተከታይ («ኦፍ»)፣ ቦታ፣ ሰዓት።

አንድ ደግሞ ለጽሑፍ ብቻ። «ሂ ተርንድ ዘ ዋሌት ኢን ቱ ዘ ፖሊስ» ሲባል «ኢን» የግሡ፣ «ቱ» የፖሊስ ስለሆኑ ተለያይተው ይጻፋሉ፤ ቦርሳውን ለፖሊስ አስረከበ ማለት ነው። ሲነገሩ ብዙም አይለዩም። ገጥማችሁ «ኢንቱ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ቦርሳውን ወደ ፖሊስነት ለወጠው ይሆናል።