አፑን ከማጥፋታችሁ በፊት የስልካችሁን ቀን እዩ

ከደብረ ብርሃን በጣርማበር በኩል ወደ መሐል ሜዳ ለሥራ ስመላለስ፣ በመንገዱ ላይ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥብኝ፣ የበገና መዝሙሮችን በወር ክፍያ ከሚሠራ የመዝሙር ማድመጫ አፕ አስቀድሜ አውርጄ ነው የምሰማው። የብር ካርዴ በዶላር ለሚጠየቅ ክፍያ ስለማይሠራ የወር ክፍያውን ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ይከፍልልኛል።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ወንድሜ እንደ ወትሮው ከፍሎ ደረሰኙን ቢልክልኝም፣ አፑ ክፍያው አልታደሰም እያለ ያወረድኋቸውን መዝሙሮች ሁሉ ዘጋብኝ። ለደንበኞች አገልግሎት ስጽፍ የመጣልኝ መልስ አፑን አጥፍቼ እንደገና እንድጭን የሚያዝ ብቻ ነበር። ታዘዝሁ። አፑ ሲጠፋ ያወረድሁት ሁሉ አብሮ እንደሚጠፋ የነገረኝ የለም፤ ሳልጠይቅ መቸኮሌ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መልሼ ልጭን ስል ደግሞ ፕሌይ ስቶር አልከፈት አለኝ። ቴሌግራም ይሠራ ስለነበር ኢንተርኔቱን አልጠረጠርሁም፤ ይልቁንም ጥፋቱ የካርድህ ነው ብዬ ወንድሜን ከሥራው አስቀርቼ ባንክ ላክሁት። ባንኩም ገንዘቡ መከፈሉን አረጋገጠለት። እንደገና ብጽፍ ያንኑ መልስ ቃል በቃል ላኩልኝ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ክሮምን ስከፍት ግንኙነቱ አስተማማኝ እንዳልሆነና ሰዓቴ ወደ ኋላ እንደቀረ የሚገልጽ ጽሑፍ መጣ። ያን ጊዜ ነገሩ በራልኝ። በሥራ ቦታ መዝገብ የምሞላው በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት የስልኬን ቀን በእጄ 1/1/2017 ብዬ፣ ሰዓቱንም ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሼ ሞልቼው ነበር። እኔ መስከረም 1 ስል ስልኩ የተረዳው የፈረንጆቹን ጃንዋሪ 1 ነው፤ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው። ድረ ገጾችና አፖች የሚለዋወጡት የደኅንነት ማረጋገጫ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ስላለው፣ ለእኔ ስልክ ማረጋገጫው ሁሉ ገና ያልተጻፈ ነበር።

ቀንና ሰዓቱን ስልኩ ከኔትወርክ በራሱ እንዲወስድ ሳደርግ ፕሌይ ስቶር ተከፈተ፤ አፑን ጭኜ ስገባም ክፍያው ታይቶ አገኘሁት።

ስለዚህ የድጋፍ ሠራተኞቹ የቱንም ያህል ቢያዟችሁ አፑን ማጥፋት የመጨረሻው እርምጃ ይሁን። አስቀድማችሁ ቀኑን እዩ፤ ቀጥሎም የገባችሁበት አካውንት የተከፈለበት መሆኑን ከደረሰኙ ጋር አስተያዩ። እንደገና ማውረድ ግድ ከሆነባችሁ ለበገና ዝቅ ያለው ጥራት ይበቃል፤ በሴኮንድ 320 ኪሎቢት የአንድ ሰዓት መዝሙር 144 ሜጋባይት ሲወስድ፣ በ96 ኪሎቢት 43 ገደማ ነው። የእኛን ቀን አሁን የማየው በተለየ የቀን መቁጠሪያ አፕ ነው። ወንድሜን ያለ ጥፋቱ ባንክ ስላመላለስሁት ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።