የእንግሊዝ የጦር ሜዳሊያ በኦንላይን ጨረታ ሲሸጡ ከጠርዙ ይጀምሩ

የአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ሜዳሊያ ዋጋ የሚወሰነው በዋናነት በጠርዙ ነው። የወታደሩ መለያ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስምና ክፍለ ጦር የተመታው እዚያ ነው፤ የ1914-15 ኮከብ በተባለው ሜዳሊያ ላይ ግን ጽሑፉ ከጀርባ ነው። ብዙ ሻጭ የንጉሡን ምስል አሳምሮ ያነሳና ጠርዙን ይረሳል። ሜዳሊያውን በትንሽ በትንሹ እያዞሩ፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ከአራት እስከ ስድስት ፎቶ ያንሱ። ፍላሽ ብሩን አንጸባርቆ ፊደሉን ይውጠዋል።

እባክዎ አይወልውሉት! ሰብሳቢው ብሩ በዕድሜ ያመጣውን ጥቁረት ይፈልገዋል፤ በማጽጃ የታሸ ፊደል ደግሞ ይሳሳል፣ አይመለስም።

ብሪቲሽ ዋር ሜዳል የተባለው የብር ሜዳሊያ ስፋት 36 ሚሊሜትር ነው። በካሊፐር ሲለካ ጎድሎ ከተገኘ፣ ጠርዙ ተሞርዶ ሌላ ስም ተመትቶበት ሊሆን ይችላል። ይህን በግልጽ ይጻፉ፤ የተደበቀ እንደሆነ ገዢው ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን ይጠይቃል።

ስሙን ለንደን፣ ኪው ካለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሜዳሊያ ካርድ (ማን የትኛውን ሜዳሊያ እንዳገኘ የተመዘገበበት) ጋር ያመሳክሩ። የአገልግሎት ፋይሉ ቢጠፋ አይጠራጠሩ፤ አብዛኛው በ1940 እ.ኤ.አ. በጀርመን የአየር ድብደባ ተቃጥሏል። የአንድ ሰው ሜዳሊያዎችንም አይበትኑ። በ1980 እ.ኤ.አ. የብር ዋጋ ሲንር ብዙዎቹ ስለቀለጡ፣ የተሟላ ስብስብ ተፈላጊ ነው።

የአሜሪካን ከፍተኛ የጦር ሜዳሊያ፣ ሜዳል ኦፍ ኦነርን፣ ግን ጨረታ ላይ እንዳያወጡ፤ መሸጡ በአሜሪካ ሕግ ወንጀል ነው።

ሲልኩ እያንዳንዱን ለየብቻ አሲድ በሌለው ወረቀት ይጠቅልሉ። እርስ በርስ ከተጋጩ ጠርዛቸው ይጎዳል። ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ ከረጢት ብረቱን ስለሚያበላሽ ይተዉት፤ ኢንሹራንስና መከታተያ ቁጥር ሳይኖረው ፖስታ ቤት አይስጡት።