ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ዛሬ ቤት ሳጸዳ የድሮ የሬዲዮ ካርዶቼን አገኘኋቸው። ሦስት ናቸው። ጠርዛቸው ወይቧል፣ አንዱ ላይ ቡና ፈሶበታል። ቁጭ ብዬ ሳያቸው ሥራዬን ረሳሁት።

ነገሩ የ2000 ዓ.ም. ነው። አገሩን ሁሉ የሚሊኒየም ነገር ይዞት ነበር። እኔ ግን ልቤ ሌላ በዓል ላይ ነበር። በፈረንጆቹ 2007 የወጣቶቹ እንቅስቃሴ ስካውት 100 ዓመት ሞላው፤ መሥራቹ ባደን ፓወል በ1907 ብራውንሲ ደሴት ላይ ልጆች ሰብስቦ ድንኳን ከተከለ ማለት ነው። አማተር ሬዲዮኞች፣ ለፍቅሩ ብለው በራሳቸው ሬዲዮ ከሩቅ ሰው ጋር የሚያወሩት፣ በዓሉን የሚያከብሩት በራሳቸው መንገድ ነው። ለዓመቱ ብቻ የሚሆን ልዩ መጥሪያ፣ ማለትም የጣቢያ መለያ፣ ያወጣሉ፤ ከእነዚህ ጣቢያዎች የተወሰኑትን በአየር ላይ ላገኘ ሰው ደግሞ ዲፕሎማ ይላክለታል።

ለመናገር ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ ያኔ 15 ዓመቴ ነው፣ ፈቃድ ከየት ይመጣል። ግን አንዳንዱ ዲፕሎማ ለሚያዳምጥም ይሰጣል። የሰማኸውን ጽፈህ ትልካለህ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ፍሪኩዌንሲውን፣ ማን ከማን ጋር እንዳወራ። እነሱ መዝገባቸውን ያያሉ። ከገጠመ ኪው ኤስ ኤል የሚባለውን ካርድ ይልኩልሃል።

ሬዲዮውን አክስቴ ናት ከጅዳ የላከችልን። ጋሼ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከጣሪያው እስከ ጓሮው ባህር ዛፍ ሽቦ ዘረጋልኝ። እሱ በጃንሆይ ጊዜ ተማሪ ሳለ ስካውት ነበር። ያንገት ሻርፑን እስከ ዛሬ አጣጥፎ አስቀምጦታል። ከአብዮቱ ወዲህ ስካውትነቱ ቢቀርም ቋጠሮ ማሰር አልረሳም፤ ያ ሽቦ አንድም ክረምት ወርዶ አያውቅም።

ስካውቶች በየዓመቱ በሬዲዮ የሚገናኙበት ቀን አለ፤ ጆታ ይባላል፣ በአየር ላይ የሚደረግ ጃምቦሪ ማለት ነው። እሱ ራሱ የተጠነሰሰው ልደት ሲከበር መሆኑ ሁሌም ደስ ይለኛል። በፈረንጆቹ 1957 ስካውት 50 ዓመቱን እንግሊዝ አገር ሱተን ፓርክ ላይ ሲያከብር፣ ሌስ ሚቸል የሚባል አማተር እዚያ ካገኛቸው ስካውት ሬዲዮኞች ጋር፣ ተለያይተን ከምንቀር በአየር እንገናኝ ተባባሉ። በዓመቱ የመጀመሪያው ተካሄደ። የ2007ቱ እንግዲህ 50ኛው ነበር። መቶው፣ ሃምሳው፣ የኛ ሚሊኒየም፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ!

የዚያ ዓመት ጥቅምት 9 ቅዳሜ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ተነጫነጨ፣ እኔን ግን ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም መብራት ሲጠፋ የየቤቱ ቲቪና ፍሎረሰንት ሬዲዮው ላይ የሚያመጣው ጩኸት አብሮ ድርግም ይላል። ባትሪ ከትቼ 14.290 ሜጋኸርዝ ላይ አቆምኩት። መጀመሪያ የሚሰማህ የሰው ድምፅ አይመስልም፣ አፍንጫውን ይዞ የሚያጉረመርም ነገር ነው። ቁልፏን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ስታዞራት ድምፁ ይወፍርና ድንገት ሰው ይሆናል።

«ሲ ኪው ጃምቦሪ፣ ሲ ኪው ጃምቦሪ።» ልጅ ነው። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ከኋላው አንድ አዋቂ የሚለውን ሹክ ይለዋል። ጋሼ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምን አለ?»

«ልጅ ነው ጋሼ፣ ከጀርመን። የሚሰማኝ ሰው አለ ወይ ነው የሚለው።»

«አንተ ሰምተኸው የለ!»

መልስ መስጠት አልችልም። ልጁ ሦስት ጊዜ ጠራ፣ ከዚያ ድምፁ እየደከመ ሄደ። ያ ዓመት ፀሐይ ላይ ነጠብጣብ እምብዛም ያልታየበት ጊዜ ነበር። በ11 ዓመት ገደማ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ይመናመናል፤ ሲመናመን ከሰማይ ተመልሶ የሚመጣው ሞገድም ይዳከማል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ያኔ በደሴያችን በጦሳ ተራራ ነበር የማሳብበው።

እኔ የተመኘሁት ዲፕሎማ 5 ካርድ ይፈልግ ነበር። በዚያ ቅዳሜና እሁድ 5 ጣቢያ ሰማሁ፣ 5 ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ግን ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነበር ያሰፈርኩት። የሬዲዮ ሰው ሁሉ የሚመዘግበው በዩቲሲ፣ በዓለም የጋራ ሰዓት ነው፣ የትም አገር ይሁን። የእኛ የቀኑ 9 ሰዓት በእነሱ መዝገብ 12:00 ነው፤ እኔ 9:00 ብያለሁ። ጋሼ ሦስተኛውን ፖስታ ከማሸጌ በፊት አየና «ቆይ፣ ፈረንጅ ይቺን ሰዓት ያውቃታል?» አለኝ። ሁለቱ ግን ሄደዋል። ካንዱ መልስ አልመጣም። ከሌላው በሰኔ ትሕትና የሞላበት ደብዳቤ መጣ፦ በጻፍክልን ሰዓት ጣቢያችን ገና አልተከፈተም ነበር ይላል። የዚያ ልጅ ጣቢያ ነው። ወዲያው አስተካክዬ ጻፍኩ፣ ዝም አሉ።

ዲፕሎማው ሲቀር አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ልጁ ነው። ያን ቀን ደሴ ላይ ሰው እንደሰማው አያውቅም። አንዲት ደቂቃ በሁለት ሰው መዝገብ ላይ መገኘቷ ነበር የነገሩ ውበት፤ የእኔና የሱ 3 ሰዓት ተራርቃ ቀረች።

በእኛ 2020 ጥቅምት ጆታ 70ኛውን ይይዛል። ባትሪ መግዛት አለብኝ።

ማታ ካርዶቹን ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ዓይኑ ደክሟል፤ በጣቱ ዳሰሳቸው።

«የዚያ ልጅ የቱ ነው?»

«የሱ አልመጣም ጋሼ።»

«አብሽር» አለኝ። ቆየት ብሎ ሽቦው አሁንም እንዳለ ጠየቀኝ።

አለ።