ድምፅ ሰጥተው ከስደት የተመለሱ የትሪስታን ዳ ኩኛ ሰዎች

እኔ ከምኖርባት ከእንግሊዟ ሳውዝሃምፕተን ብዙም በማትርቀው ካልሾት በምትባል የባሕር ዳር መንደር «ትሪስታን ክሎዝ» የሚባል መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው እሳተ ገሞራ አፈናቅሏቸው በስደት እዚያ ከኖሩት የትሪስታን ዳ ኩኛ ደሴት ሰዎች ነው። ቡና በጠጣን ቁጥር «መቼ ነው አገራችን የምንገባው?» እያልን ለምንከራከር ሰዎች የእነርሱ ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው ይመስለኛል።

ደሴቲቱ በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ትገኛለች። ከኬፕታውን 2,800 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሴንት ሄለና ደግሞ 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ከኬፕታውን በመርከብ ሳምንት ያህል ይኬዳል። መላዋ ከባሕር ወለል 2,062 ሜትር ከፍ ያለ አንድ የእሳተ ገሞራ ተራራ ስትሆን፣ ሰው የሰፈረው ከግርጌው ባለች ጠባብ ሜዳ ላይ ብቻ ነው።

ፖርቱጋሎች በ1506 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቢያዩዋትም ቋሚ ነዋሪ ያገኘችው ብሪታኒያ በ1816፣ ናፖሊዮን በሴንት ሄለና ታስሮ ሳለ፣ ወታደሮች ካሰፈረችባት በኋላ ነው። ጦሩ በዓመቱ ሲነሣ ዊሊያም ግላስ የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ከቤተሰቡና ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር እዚያው ቀረ። ማንም ከማንም እንዳይበልጥ የሚል ውልም ተፈራረሙ። መሬቱ እስከ ዛሬ የጋራ ነው።

በጥቅምት 1961 ከመንደሩ አጠገብ ምድር ተሰንጥቆ ቅልጥ አለት ሲፈስ ነዋሪዎቹ በሙሉ በኬፕታውን በኩል ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ። ሥራም መጠለያም ተሰጣቸው። ሆኖም ለማያውቁት ጉንፋንና ብርድ ተጋለጡ፤ ከሽማግሌዎቹም በዚያው ያረፉ ነበሩ። በ1962 መጨረሻ ድምፅ ሲሰጡ 148 ሰዎች «እንመለስ» አሉ፤ «እንቅር» ያሉት 5 ብቻ ነበሩ። በ1963 ተመለሱ።

ይህን ቁጥር የሚያነሣ ሁሉ ነገሩን በአገር ፍቅር ብቻ ሲያስረዳ እሰማለሁ። እኔ ግን ሌላም ምክንያት ይታየኛል። ቅልጥ አለቱ የሎብስተር ማሸጊያ ፋብሪካቸውንና ጀልባ የሚያሳርፉበትን ዳርቻ ቢውጥም መኖሪያ ቤቶቹን ከሞላ ጎደል አልነካቸውም፤ የድንች ማሳቸውንም በሌሉበት የወሰደባቸው ሰው አልነበረም። ከሁሉም በላይ ጎረቤት ከነጎረቤቱ፣ አክስትና አጎት ሳይቀሩ፣ አብረው ገቡ። እኛ ግን አንድ በአንድ ወጥተን፣ ከገባንም አንድ በአንድ ነው የምንገባው፤ ስንደርስ ቤቱ ተሽጦ፣ የሰፈሩ ሰው ተበትኖ ይጠብቀናል።

ከተመለሱትም ቢሆን በ1966 ተነሥተው እንደገና ወደ እንግሊዝ የመጡ ነበሩ። ታሪኩን የሚተርኩ ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፤ እኔ ግን የእነዚያን ሰዎች ሁለተኛ ውሳኔ ከመጀመሪያው አሳንሼ አላየውም።