የጸጉር ቤት ፍለጋ

እህቴ ዶሃ ከገባች ሰባት ዓመቷ ነው። ልጠይቃት በሄድኩ በሦስተኛው ቀን ዕረፍት ነበረች። «ጋሼ፣ ዛሬስ የት ልውሰድህ?» አለችኝ። የገበያ ሞል መዞሩ በቃኝ። «ያንን ድንኳን የሚመስለውን ስታዲየም አሳይኝ» አልኳት።

በሜትሮ እስከ ሉሴይል፣ ከዚያ በታክሲ ወደ ሰሜን፣ ወደ አል ኾር ሄድን። ከዶሃ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ግራ ቀኙ ደረቅ ሜዳ ነው። ድንገት ከሜዳው መሀል ድንኳን ብቅ አለ። የደረስን መስሎኝ ቦርሳዬን አነሳሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ታክሲው ይነዳል፣ ይነዳል፣ ድንኳኑ እየገዘፈ ይሄዳል እንጂ አይደረስበትም።

ስሙ አል ባይት ነው። ባይት ያው የእኛው «ቤት» ነው። ስሙ የተወሰደው ቤዱዊኖች፣ የበረሃዎቹ ዘላን ዐረቦች፣ «ባይት አል ሸዓር»፣ የጸጉር ቤት፣ ከሚሉት ድንኳናቸው ነው። ዋዜማውን ብሔራዊ ሙዚየም ሄጄ ስለ በረሃው ኑሮ ሳይ ስለዋልኩ ነገሩ አእምሮዬ ውስጥ ነበር። ጥቁሩን ጨርቅ ከፍየል ጸጉር የሚሸምኑት ሴቶቹ ናቸው። ድንኳኑን የሚተክሉትም እነሱው። ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ በሙቀት ጊዜ አየር ያሳልፋል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ጸጉሩ ያብጥና ቀዳዳው ይደፈናል። ወሎ አያቴ ቤት የነበረው ባና ትዝ አለኝ። እሱም ይኮሰኩሳል፣ ግን ብርድን ድርሽ አያስብልም ነበር።

ስታዲየሙ በር ስንደርስ ዝግ ነው። ሳንጠይቅ መውጣታችን የራሳችን ጥፋት ነው። የ2022ቱ የዓለም ዋንጫ መክፈቻ፣ ኳታር በኢኳዶር 2 ለ 0 የተሸነፈችበት ጨዋታ፣ እዚህ ነው የተደረገው። ውስጡ ቀያይ የቤዱዊን ጥለት እንዳለው በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ከውጭ ነጣ ያለ ጨርቅ ላይ ጥቁር መስመር ወርዶበታል። ያምራል፣ አልዋሽም። 60,000 ሰው የሚይዝ ነገር እንደ ድንኳን ቀለል ብሎ መታየቱ ይገርማል። ውስጡን የሚያቀዘቅዘው ግን ማሽን ነው። መልኩን ወስደው ብልሃቱን ትተውታል አልኩ በሆዴ።

እንዲህ ያሰኘኝ ጅዳ ነው። ለሐጅ ስሄድ ያረፍነው በአየር ማረፊያው የሐጅ ተርሚናል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የተጠናቀቀ፣ ዳካ የተወለደው መሐንዲስ ፋዝሉር ራህማን ኻን የሠራበት ነው። 210 ነጫጭ ድንኳኖች 45 ሜትር ከፍታ ባላቸው የብረት ምሰሶዎች ላይ ተወጥረዋል። ጨርቁ ቴፍሎን የተቀባ የመስታወት ክር ነው። ጎኑ ክፍት ነው፣ ነፋስ እንደልቡ ይገባል፣ ሙቁ አየር በየጫፉ ባለው ክፍተት ይወጣል። እኔ ነጩን የሐጅ ልብስ፣ ኢሕራሜን፣ ለብሼ፣ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ፣ ወረፋ እየጠበቅሁ እንቅልፍ ወስዶኛል። በዚያ ሙቀት! እዚያ የፍየል ጸጉር የለም፣ ጥቁርም አይደለም። ድንኳን ውስጥ መሆኔን ግን ገላዬ አውቆታል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ሳወራላት ፔርሙዙን እየከፈተች ነበር። በስታዲየሙ ዙሪያ ባለው ፓርክ፣ በምሥራቁ በኩል፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠናል። «ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ታበዛዋለህ» አለችና ቡናዬን ቀዳችልኝ። ፀሐይ ወደ ኋላው ስትዞር የስታዲየሙ ጥላ በሣሩ ላይ እየረዘመ መጣ። መጀመሪያ እግራችን፣ ቀጥሎ ጉልበታችን ላይ ደረሰ።

«ይኸው» አለች፣ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ድንኳንህ ሠራ።»